ጠፍር የገባለት የፈረንጅ ወንበር

ሰሞኑን ደባርቅ፣ አንድ የቱሪስት ማረፊያ በረንዳ ላይ፣ መቀመጫው በገመድ የተጎነጎነ ባለመደገፊያ የእንጨት ወንበር አይቼ ክው ብዬ ቀረሁ። የስዊድን ሥሪት ነው አሉኝ። እኔ ስሙን ሳይሆን ሥራውን ነው የማውቀው።

በደርግ ጊዜ ትምህርት ቤት ሊሠሩ የመጡ ፈረንጆች እንዲህ ያለ ወንበር ትተው ሄደው፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ወረሰው። ገመዱ ሲበጠስበት ለአባቴ ላከው። አባቴ የጠፍር አልጋ ሠሪ ነበር። በገመዱ ፈንታ የቆዳ ጠፍር በውሃ ነክሮ፣ በእግሩ ረግጦ፣ እንደ ወይራ አልጋ ወጥሮ አሰረው።

በሳምንቱ ሊቀመንበሩ ስብሰባ ሊመራ ተቀመጠበት። ጠፍሩ ሲደርቅ ቀጭኑን እንጨት ስቦ ስቦት ኖሯል፤ ቋ ብሎ ተሰበረና ሰውዬው በጀርባው ተዘረጋ።

«ወንበሩም አብዮት አካሄደ!» አለ አንዱ። ሕዝቡ ሳቀ። እኔም ከአባቴ ጎን ሆኜ ሳቅሁ።

ሊቀመንበሩ አቧራውን ሳያራግፍ «አሻጥር ነው!» ብሎ ጮኸ።

«ኧረ ጌታዬ፣ እንጨቱ እንደ ወይራ የሚችል መስሎኝ ነው» አለ አባቴ።

«ጌታ የለም! ያዙት!»

ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ክንዱን ይዘው ወደ ዳባት መንገድ ሲያወጡት ዞር ብሎ «ለሌላው አልጋ የነከርኩትን ቆዳ ከውሃ አውጣው፣ እንዳይበሰብስ» አለኝ። ማታ ሲመለስ እንዳይቆጣኝ ሮጬ አውጥቼ ሰቀልኩት።

አባቴ አልተመለሰም። ሬሳውንም አላየን። አሁን ሳስበው፣ ማታ የሚመለስ ሰው ቆዳውን ራሱ ያወጣው ነበር። እሱ ያኔውኑ አውቆታል፤ እኔ ግን ሳቁ ገና ከከንፈሬ አልወረደም ነበር።