ጎታው ውስጥ የጮኸው ቃጭል

ደምለው በቅሎ ጫኝ ነበር። ከደባርቅ እስከ አምቢኮ ተራራ ሊያዩ የሚመጡ እንግዶችን ድንኳንና ስንቅ ጭኖ ሲመላለስ ነው ፀጉሩ የሸበተው። በዚያ ሁሉ ዘመን የሱ በቅሎ ገደል ገባች ሲባል አልሰማሁም። በመጨረሻ የተጎዳው ራሱ ነው። ቦራ የምትባለው በቅሎው ጭነት ሲያራግፍላት ደነበረችና ዳሌውን ረገጠችው፤ ከዚያ ወዲህ በምርኩዝ ይሄዳል። በቅሎዋን ሸጠ፤ ቃጭሏን ግን አልሰጠም።

እኔና እሱ አጥር ለአጥር ነን፤ ስለዚህ የምጽፈው ያየሁትንና እሱ የነገረኝን ነው።

ሚስቱ ፋንታዬ ካረፈች በኋላ ያ ቤት ድምፅ አልነበረውም። ጠዋት ጭስ ሲወጣ ካላየሁ ገብቼ እጠይቀው ነበር። ኋላ የልጁ የዓለምዬ ባል ለሥራ ወደ መተማ ወረደ፤ እሷም ኮሶዬ በሚገኝ አንድ ሎጅ ወጥ ቤት ተቀጠረች። ሕፃን ልጇን ሊድያን ለአባቷ ለደምለው ትታ ሄደች፤ የእረፍት ቀኗ ስለሆነ ማክሰኞ ማክሰኞ ትመጣለች። የደምለው ቤት ከዚያን ቀን ጀምሮ ዝም ብሎ አያውቅም።

ሊድያ ሁለት ዓመት አልሞላትም ነበር። ሌላ ልጅ ድክ ድክ ማለት ሲጀምር ወደ በሩ ነው የሚሄደው፤ እሷ ወደ ላይ ነው የምትሄደው። መደቡ ላይ ትወጣለች፤ ከመደቡ ጋር ተያይዞ የቆመው የገብስ ጎታ ነው፤ ከጎታው በላይ ግድግዳው ላይ የተተከሉ የእንጨት ኩላቦች አሉ። የምታውቀው ቃል ጥቂት ነው፤ ከሁሉ የምትወደው «ላይ!» የሚለውን ነው።

እኛ የዚህ አገር ሰዎች የምንወደውንም የምንፈራውንም ሽቅብ እንሰቅላለን። የዘር ቋጠሮ ላይ ነው፣ ማጭድ ላይ ነው፣ የአይጥ መርዝ ላይ ነው፣ የክት ልብስም ላይ ነው። ከጥጃ፣ ከእርጥበትና ከልጅ የሚያድነው ከፍታ ነው ብለን ስላደግን ሌላ አይታየንም። ደምለውም ያንኑ አደረገ። ልጅቷ ቢላዋ ስትነካ አንድ ኩላብ ከፍ አደረገው፤ ስትደርስበት ደግሞ ሌላ ኩላብ ተከለ። ወለሉ ባዶ ቀረ፣ ግድግዳው ሞላ።

ከበላይ በኩል ያለችው ጎረቤታችን ታንጉት አንድ ቀን እሳት ልትጭር ገብታ ሊድያን ጎታው ጫፍ ላይ ተንጠልጥላ አገኘቻትና አወረደቻት።

«አያ ደምለው፣ ይቺ እኮ ጭላዳ ዝንጀሮ ናት!»

«ጭላዳማ ሲመሽ ገደሏ ውስጥ ገብታ ትተኛለች። ይቺ ሲመሽ ነው የሚብስባት።»

«በመቀነት ከምሰሶው ይሰሯት እንጂ ታዲያ። እኛስ እንዴት አደግን? እናቴ እኔን አስራኝ ነው ውሃ የምትወርደው።»

«ለካስ ለዚህ ነው ከተፈታሽ ወዲህ አርፈሽ የማትቀመጪው» አላት።

ታንጉት ሳቀች፤ እሱ ግን ምክሯን ሞከረው። ልጅቷ ምሰሶውን ዞረች፣ ዞረች፤ መቀነቱ ተጠምጥሞ አለቀ። ግንባሯን እንጨቱ ላይ አድርጋ ዝም ብላ አየችው። «ጭነት የበዛባት በቅሎ እንደዚያ ታያለች» አለኝ። ወዲያው ፈታት። «ደግሞም ገመድ ወገብ ላይ ውሎ አንገት ላይ ያድራል» ብሎ መቀነቱን ጠቅልሎ አስቀመጠው።

በዐቢይ ጾም መካከል ሊድያ ከመደቡ ወድቃ ግንባሯን ተፈነከተች። ከዚያ በፊት የጋለ ድስት ነክታ ጣቷ ተቃጥሎ ነበር። ማክሰኞ ዓለምዬ መጣችና ሻሿን ሳትፈታ የልጇን ግንባር አየች።

«አባ፣ ይህ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ከመደብ ወደቀች።»

«ባለፈው ጣቷ ነበር።»

ደምለው ጎንበስ ብሎ እሳቱን ቆሰቆሰ።

«እርስዎን አልወቅስም» አለች። «ዳሌዎ እንዲህ ሆኖ እንዴት ሮጠው ይደርሱባታል? ለታንጉት ልተዋት ስል ልጄን ለሰው አልሰጥም ይላሉ። እንግዲህ አንድ ነገር ቢያገኛት ጎንደር እወስዳታለሁ። የባሌ እናት ቤት ጎታ የለበት፣ ምድጃ የለበት፤ ሴቶችም ሞልተዋል።»

«ውሰጃት ካልሽ ልጅሽ ናት።»

ይህን ሲል እዚያው ነበርኩ። ዓለምዬ ከሄደች በኋላ ምርኩዙን በጉልበቱ መካከል አድርጎ ብዙ ተቀመጠ። «ከወሰደቻት» አለ፣ «ጠዋት የምነሳበት ምክንያት የለኝም።» ደምለው እንዲህ ያለ ነገር የሚናገር ሰው አልነበረም።

በዚያው ሳምንት ጥንቃቄውን አበዛ። የቦራን ቃጭል ሊድያ ትወደው ነበር፤ እየጎተተች ቤቱን ታደነቁረዋለች። ግን የቃጭሉ ምላስ ላልቶ ስለነበር ወልቆ እንዳትውጠው ፈራ። ወስዶ ከጎታው በላይ፣ ከሁሉ ከፍ ያለው ኩላብ ላይ ሰቀለው። ልጅቷ መደቡ ላይ ተቀምጣ ሲሰቅለው ታየው ነበር።

አንድ ጠዋት የፈላ ውሃ ሊደፋ ወጣ። እንዳይነካት ብሎ ነው ከደጁ ራቅ ያለው። እዚያ ሆኖ ቃጭሉን ሰማ። «ለአንድ አፍታ ቦራ የተመለሰች መሰለኝ» ብሎኛል። ቀጥሎ የሰማው ለቅሶ ነው፤ ለቅሶውም ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስል ነበር።

እኔ አጥር እየጠገንኩ ነበር፤ ጩኸቱን ሰምቼ ገባሁ፤ ታንጉትም ደረሰች። ጎታው የሚከደንበት አሮጌ ሰፌድ ተቀዶ ወደ ውስጥ ገብቷል። ሊድያ ሰፌዱ ላይ ቆማ ቃጭሉን ስታወርድ ከነቃጭሉ ጎታው ውስጥ ወድቃለች። ገብሱ ወደ ግማሽ ወርዶ ነበር፤ ደረቷ ድረስ ሰምጣ አቧራው ያስላታል። መደቡ ላይ ቆሜ እጄን ብሰድ አልደረስኩባትም፤ እሷም በተንፈራገጠች ቁጥር ወደ ታች ትገባለች።

ታንጉት ጎንበስ ብላ ከጎታው ግርጌ እህል የሚቀዳበትን ቀዳዳ ውታፍ ያዘች። «ገብሱ ይፍሰስላት!»

«እንዳትነኪው!» ብሎ ደምለው ጮኸ። «ገብሱ ሲወርድ ይዟት ነው የሚወርደው!»

መጥረቢያውን አነሳ። ያን ጎታ ፋንታዬ ናት የሠራችው፤ በተጋቡበት ዓመት፣ ጭቃውን ከጭድ አቡክታ፣ በእጇ። ከአፉ ዙሪያ የጣቶቿ መስመር እስከዚያን ቀን ይታይ ነበር። ደምለው አንድ ጊዜ መዳፉን በመስመሩ ላይ አደረገ። ከዚያ ጆሮውን ጎታው ላይ ለጠፈ። ልጅቷ ቃጭሉን አልለቀቀችም፤ ስትስል ይጮኻል። የት እንዳለች በድምፁ ለየና ከእሷ በተቃራኒው በኩል፣ ገብሱ የደረሰበት ቦታ ላይ፣ በመጥረቢያው ጀርባ መታ። ቀስ ብሎ ነው የመታው፤ እንቁላል የሚሰብር ይመስል። ጭቃው ተሰነጠቀ፤ እየፈረፈረ አሰፋው፤ ገብሱ በጎን ፈሰሰ። ታንጉት በፈረሰው በኩል እጇን ሰድዳ ልጅቷን በብብቷ ያዘቻትና ሳብ አደረገቻት።

ሊድያ ከእግር እስከ ራሷ አቧራ ለብሳ ወጣች። አነጠሰች። ዙሪያውን አየችና ባዶውን ኩላብ በጣቷ አሳየችን፤ «ላይ!» አለች።

ደምለው የፈሰሰው ገብስ ላይ ተቀመጠ። ምርኩዙ የት እንደወደቀ አያውቅም።

ታንጉት ልጅቷን እያራገፈች ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አያ ደምለው፣ ለዓለምዬ እንዳይነግሯት። ጎታው ያረጀ ነው፣ በራሱ ፈረሰ እንላለን። ያየነው እኛው ነን።»

እኔም በልቤ ተስማምቼ ነበር። እሱ ግን ራሱን ነቀነቀ።

«ታንጉት፣ ጫኝ መንገዱ የፈረሰበትን ቦታ አይቶ ለኋለኛው ጫኝ ካልነገረ ነፍስ አጥፍቷል። እኛ ስንገናኝ ከእግዜር ሰላምታ ቀጥለን የምንነጋገረው ያንኑ ነው። እናቷ ከኋላዬ የምትመጣ ናት፤ እንዴት እደብቃታለሁ?»

ከወለሉ ሳይነሳ ግድግዳውን አየ። ዝቅ ብሎ፣ በልጅቷ ቁመት ሆኖ፣ ቤቱን አይቶት አያውቅም ነበርና ለረጅም ጊዜ አየው። የሚያብረቀርቀው፣ የሚጮኸው፣ ቀለም ያለው ሁሉ ላይ ነው። ታች ያለው አመድና ድንጋይ ነው።

«እኔ ነኝ ሽቅብ ያስወጣኋት» አለ። «ሣሩን ሁሉ ገደሉ አፋፍ ላይ አድርጌ በቅሎዋ ለምን ወጣች እላለሁ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤቱን ወደ ታች አወረደው። ማጭዱን፣ ቢላዋውን፣ የአይጥ መርዙንና የነጭ ጋዙን ጠርሙስ ስንቅ ይጭንበት በነበረው የእንጨት ሳጥን ከተተና ቆለፈበት፤ ቁልፉን ከማተቡ ጋር አንገቱ ላይ አሰረ። ኩላቦቹን ነቀለ። በምድጃው ዙሪያ በድንጋይና በጭቃ ግንብ አደረገ፤ ባልዲው ውሃ ከሌለበት ተደፍቶ፣ ውሃ ካለበት ተከድኖ እንዲቀመጥ ደነገገ። ገብሱ በጆንያ ታስሮ ወደ እኔ ቤት መጣ። የቃጭሉን ምላስ በሽቦ አጠንክሮ ምሰሶው ላይ በልጅቷ ደረት ትክክል አሰረው። የተሰበረውን ጎታ ከጉልበት በላይ ያለውን ቆርጦ አነሳ፤ ውስጡን አፈር ሞልቶ ደለደለው። ከመደቡ በታች ደረጃ ሆነ።

መውረድንም አስተማራት። ወደ አምቢኮ በሚወስደው ቁልቁለት እንግዶች ፈርተው ሲቆሙ ያወርዳቸው የነበረው በዚሁ መንገድ ነው። «ዙሪ። ሆድሽን ወደ ግድግዳው። እግርሽ ይፈልግ።» ቀኑን ሙሉ ይህን ሲል በአጥሩ እሰማው ነበር። አንዳንዴ ይቆጣል፤ አንዳንዴ እሷ ናት የምትቆጣው።

ማክሰኞ ዓለምዬ መጣች። ሳትቀመጥ ነገራት፤ የጎደለ ነገር አልነበረም፤ ሰፌዱን፣ ቃጭሉን፣ ገብሱን። እሷ ልጇን አቅፋ ሰማችው። ሲጨርስ ሊድያን አስቀምጣ ቦርሳ አወጣችና የልጇን ልብስ ማጠፍ ጀመረች። ደምለው መሬት መሬት አየ። እኔ ልወጣ ተነሳሁ።

በዚህ መካከል ሊድያ በጎታው ቁራጭ ላይ ወጣች፤ ከዚያ መደቡ ላይ። ዓለምዬ ልብሱን ጥላ ተነሳች፤ ደምለው ምርኩዙን ከፊቷ ዘረጋ።

«ቆይ። እጅሽን ከአጠገቧ አድርጊ፤ ግን አትንኪያት።»

ልጅቷ መደቡ ጫፍ ላይ ቆመች። ወደ ታች አየች። ከዚያ ዞረች፣ በሆዷ ተኛች፣ አንዱን እግሯን ሰደደች። እግሯ አየሩን ፈለገ፣ ፈለገ፣ የፋንታዬን ጎታ አገኘ። ቀጥሎ ሌላው። መሬት ስትደርስ ወደ ምሰሶው ሄዳ ቃጭሉን መታችው።

ዓለምዬ መደቡ ላይ ቁጭ አለች። እጇ አሁንም እንደተዘረጋ ነበር።

«ነገ ደግሞ ሌላ ነገር ላይ ትወጣለች» አለች።

«ትወጣለች። አትወጣም ብዬ አልዋሽሽም።»

«እርስዎ ደጅ ሲወጡስ?»

ደምለው ጉሮሮውን ጠረገ። «ደጅ ስወጣ ታንጉትን እጠራለሁ። እሷ ከሌለች ይህን ሰውዬ እጠራለሁ። ብቻዋን አልተዋትም።»

ታንጉት ከደጅ ሆና ስትሰማ ኖሯል። «ዛሬ ገና ጎረቤት እንዳለዎት አወቁ!» አለች።

«አንቺን እንኳ ሳልጠራሽም ትመጫለሽ» አላት።

ዓለምዬ ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም፤ እንባዋም አብሮ መጣ። የጣለችውን ልብስ ቦርሳው ውስጥ ከትታ ተነሳች፤ ልብሱን ከአቧራ ልትጠብቅ እንደልማዷ ክንዷን ሽቅብ ሰድዳ ኩላብ ፈለገች። ኩላብ የለም። የጣሪያውን ማገር ጫፍ አገኘችና ልትሰቅለው ስትል ደምለው አያት።

«እዚያ ከሰቀልሽው ከምሳ በፊት ትደርስበታለች።»

ክንዷን መለሰች። ቦርሳውን ከመደቡ ግርጌ፣ ወለሉ ላይ አስቀመጠችው። ሊድያ ቃጭሉን ትታ መጣችና ልብሶቿን አንድ በአንድ ታወጣ ጀመር። ከልካይ አልነበራትም።