የሰፋሁት ኪታብ

በዩኒቨርሲቲ የእስልምና ታሪክ ማስተማር ከጀመርኩ ይኸው አራተኛ ዓመቴ ነው። ትምህርት ሲዘጋ እንደ ሌሎቹ አላርፍም፤ አውቶቡስ ተሳፍሬ፣ ወገቤ ተቆርጦ ነገሌ ቦረና እወርዳለሁ። ይህን ሁሉ መንገድ መጥቼ የማነበው ግን ጥቂት ገጽ ነው። ጥፋቱ የራሴ ስለሆነ ከመጀመሪያው ላስረዳ።

ከገበያው ጀርባ፣ ልጃቸው ጨርቅ ከምትሸጥበት ሱቅ ጓሮ የሚያስተምሩ አንድ ሼህ አሉ። በእጅ የተጻፉ ኪታቦቻቸውን በቆዳ ከረጢት ያስቀምጣሉ። የጥናቴ ተስፋ እነዚያ ከረጢቶች ነበሩ። በመጀመሪያው ዓመት ብዙ ለምኜ፣ አንዱን ኪታብ ፎቶ እንዳነሳው ለሁለት ቀን ሰጡኝ።

ማረፊያዬ ወስጄ ስከፍተው ኪታቡ አልተጠረዘም። ጥቂት ጥቂት ወረቀት አንድ ላይ እየታጠፈ በክፍል በክፍል ተቀምጧል፤ የክፍሎቹም ቅደም ተከተል ተምታቷል። እኔ ደግሞ የተዝረከረከ ነገር አልወድም። ፎቶውን ስጨርስ ገጾቹን አስተካክዬ፣ በእርሳስ ቁጥር ሰጥቼ፣ በክር ሰፋሁትና ጠንካራ ሽፋን አለበስኩት። ውለታ የመለስኩ መስሎኝ ነበር።

ልመልስ ስሄድ አራት ደረሶቻቸው፣ ኪታብ የሚቀሩባቸው ተማሪዎች፣ ከበዋቸው ተቀምጠዋል። ሼሁ ኪታቡን አገላብጠው አዩት።

«ባርሲሳ» አሉኝ፤ በኦሮምኛ አስተማሪ ማለታቸው ነው። «አሁን ይሄን ማን ይያዘው?»

ልጃቸው ከሱቁ በር ላይ ሳቀች።

«እንደ ትሪ ምግብ ከበው ያንብቡታ!»

ያኔ ገባኝ። ኪታቡ አንድ፣ ደረሶቹ አራት ናቸው። እያንዳንዱ አንድ ክፍል ወስዶ ወደ ራሱ ወረቀት ይገለብጣል፤ ሲጨርስ ከጓደኛው ይለዋወጣል። ሳይሰፋ የኖረው ለዚህ ነው። በዩኒቨርሲቲው ስለ ደረሶች ሕይወት ሰዓቱ እስኪያልቅ አስረዳለሁ፤ ይህን ግን አላውቅም ነበር።

«አፉ ይበሉኝ፣ ሼህ። አሁኑኑ በምላጭ...»

«ምላጭ አይነካውም! በመርፌ ፍታው።»

ከሰዓቱን ሙሉ አንገቴን ደፍቼ ፈታሁ። አንድ ክፍል በተላቀቀ ቁጥር አንዱ ደረሳ ከእጄ ይወስዳል። የእርሳስ ቁጥሮቹን ላጠፋ ስል ሼሁ ከለከሉኝ።

«እሱን ተወው። የቱ ክፍል እንዳልተመለሰ እናውቅበታለን።»

ይህ ትንሽ አደፋፈረኝ፤ ስለ ቀሩት ከረጢቶች ጠየቅኳቸው።

«ታነባለህ፤ ከዚህ ቤት ግን አይወጡም። ደረሳ ሲጨርስ፣ ተራህን ጠብቀህ፣ አንድ ክፍል ትይዛለህ።»

ባልደረቦቼ ጥናቱ የት ደረሰ ይሉኛል። ገና ሁለተኛው ከረጢት ላይ ነኝ። ዘንድሮ በተራ ከፊቴ ያለው ደረሳ ጢሙ የሸበተ የግመል ነጋዴ ነው። ገበያ በሌለ ቀን ብቻ ይመጣል፤ ሲጽፍም ፊደሉን አንድ በአንድ ነው። ትላንት ቀና ብሎ አየኝ።

«አካም፣ ባርሲሳ፣ ደከመህ እንዴ?»

«ደክሞኛል» አልኩት። «አንተ ግን እንዳትቸኩል።»