ትርፍ ቀዳዳዎች

አባባን በቀበርን በሳምንቱ ሱቁን ሳጸዳ ከመደርደሪያ ላይ አንድ ብረት ወደቀ። «ቀጭ» ሲል አወቅሁት፤ የታላቅ ወንድሜ የጀማል የእግር ድጋፍ ነው።

ጀማል ጡንቻ የሚያደክም በሽታ ነበረበት። የብረቱ ማጠፊያ ጉልበቱ ወደ ኋላ ብቻ እንዲታጠፍ ያደርጋል፤ ሲቆም ደግሞ ማጠፊያው ላይ ያለው ቀለበት «ቀጭ» ብሎ ይወርድና እንዳይከዳው ይቆልፈዋል።

የተሠራው እዚሁ ጉለሌ ነው። ልጅ ባደገ ቁጥር ብሎኑን እያዛወሩ ብረቱን ለማስረዘም አስቀድሞ ትርፍ ቀዳዳ ይበሳል። የጀማል ብረት ላይ ግን አልነበረም።

«ለምን አልበሳህለትም?» አለው አባባ ሠሪውን፣ ብረቱን ልንወስድ የሄድን ቀን።

ሠሪው ቀና አላለም። «ሐኪሙን ጠይቄያቸው ነበር ጋሼ። አያስፈልገውም አሉኝ።»

እኔ ወንድሜ ሊድን ነው ብዬ ደስ አለኝ። አባባ ግድግዳውን ተደገፈ።

«ቢሆንም ብሳለት» አለ።

መሰርሰሪያው ጮኸ፤ ቤቱን የተቃጠለ ብረት ሽታ ሞላው። ጀማል ጆሮውን ይዞ ይስቅ ነበር።

ቀዳዳዎቹ አንድም ብሎን ሳይገባባቸው ጀማል ሞተ። ዛሬም ጠርዛቸው ስለታም ነው። ማጠፊያው ግን ዝገት አልነካውም፤ ሳጥፈው ጣቴ ላይ ዘይት ቀረ። አባባ ይህን ሁሉ ዘመን ሲቀባው ኖሯል።