ለጎመኑ የከረመ ፋንድያ

የያዙኝ ይጁቤ ገበያ ላይ፣ ጎመን ዘር እየሸጥሁ ነው። ባሌ ዱር ገብቷል፤ ጣሊያኖቹ እሱን ቢያጡ እኔን ወሰዱ። ደብረ ማርቆስ አንድ የእህል ጎተራ ውስጥ ከሌሎች የአርበኛ ሚስቶች ጋር ከተቱኝ። ግድግዳው ገና ጤፍ ጤፍ ይሸት ነበር፤ እህሉ ግን የለም።

አጠገቤ አንዲት የአማኑኤል ከተማ ሴት ነበረች፣ አራስ። ልጇ ጡቷን ይስባል፣ ይተዋል፣ ያለቅሳል። የሚሰጡን ደረቅ ቂጣ ነው፤ ከደረቅ ቂጣ ወተት ከየት ይመጣል?

በቀሚሴ ጠርዝ የቋጠርሁት ጥቂት ጎመን ዘር ቀርቶልኝ ነበር። ክረምት ነውና በግቢው ጥግ ዘራነው። መብቀሉን በቀለ፤ አፈሩ የደከመ ሆኖ ቅጠሉ ገርጥቶ ቀረ። የጣሊያኖቹን በቅሎዎች ጋጣ የምንጠርገው እኛ ነን። አራሷ ታዲያ ትኩሱን ፋንድያ በቀሚሷ አምጥታ ግንዱ ድረስ ከመረችበት። ቸኩላ እኮ ነው። ሲነጋ ከፊሉ ጠውልጎ ተኝቷል።

«ገደልሁት፣ እትዬ» አለችኝ። ዓይኗ ግን ልጁ ላይ ነው።

«የሞተው ሁሉም አይደለም። ትኩስ ፋንድያ ያቃጥላል፣ እህቴ። ከጋጣው ጀርባ የከረመ አለ፤ አፈር የመሰለውን፣ ሽታው የጠፋውን እናምጣ። ከግንዱ ራቅ እናርገው።»

ከዘበኞቹ ምድጃ አመድም ለመንን። ዘበኛው ያገራችን ሰው ነው፤ ሳቀብን።

«ባሎቻችሁ በዱር ይራባሉ፣ እናንተ እዚህ ጓሮ ታለማላችሁ።»

«አንተንስ ያሳደገህ የእናትህ ጓሮ አይደል?» አልሁት።

ዞሮ ሄደ። አመዱን ግን አመጣው።

የተረፈው ጎመን ጠቆረ፣ ሰፋ። ለጋውን ሳንነካ የታች የታቹን እየቀጠፍን በጣሳ ቀቀልንላት። ጨው የለው፣ ምን የለው። አንድ ቀን ልጁ ጠብቶ ጠግቦ፣ ወተቱ ከንፈሩ ላይ እንዳለ እንቅልፍ ወሰደው። እንዳናነቃው ሁላችንም ትንፋሻችንን ያዝን።

ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ዘበኛው «ተፈትተሻል፣ ውጪ» አለኝ።

«ትንሽ ቆየኝ።»

«ሰው ሲፈቱት ይቆያል እንዴ?»

«እሷ ትቀራለች።»

ሄጄ የከረመውን ፋንድያ በእጄ እየፈረፈርሁ የእያንዳንዱን ግንድ ዙሪያ አለበስሁት። ዘበኛው በሩን ይዞ ቆመ፤ ቶሎ በይ አላለኝም። እጄን ሳልታጠብ ወጣሁ።

ይኸው ስንት ዓመት አለፈ፤ እኔ ጎመን ዘር ይዤ በየገበያው መዞር እወዳለሁ፤ ዛሬ ደምበጫ ብሆን ነገ አማኑኤል ነኝ። በዚያ ልጅ ዕድሜ የሚሆን ሰው ሳይ አስተውለዋለሁ። መልኩን በምን አውቄው? ብቻ ትከሻው ሰፋ ያለ እንደሆነ፣ እሱ ይሆናል እላለሁ፤ መንገዴንም እቀጥላለሁ።