ሽታው የእኔ አልነበረም

ይህ ነገር የገጠመኝ ካቻምና ጅዳ ውስጥ፣ ዐረፋ ባለፈ ሰሞን ነው። እስካሁን ከውስጤ ያልወጣው ሰው ስለተጸየፈኝ ብቻ ሳይሆን እኔም ራሴን ስለተጸየፍኩ ነው። ዛሬም የበሰበሰ ነገር ሲሸተኝ መጀመሪያ የማሸተው የራሴን ኮሌታ ነው።

የአንዲት አሮጊት ማዳም ሾፌር ነበርኩ። በሟች ባላቸው ስም በየዐረፋው በግ ያሳርዱና ስጋውን በከረጢት እየቋጠሩ መካ፣ ነካሳ ኮረብታ ላይ ለሚኖሩ ድሆች ይልካሉ። አድራሹ እኔ ነበርኩ። ተቀብላ ለጎረቤት የምታካፍለው ደግሞ እትዬ ዘሀራ የምንላት የወሎ ሴት ናት። በዚያ ዓመት ግን በሐጅ ሰሞን ያለ ፈቃድ መካ መግባት ስላልቻልኩ ስጋውን ይዞ የሄደው የማዳም ልጅ ነው።

መኪናውን ሲመልስልኝ በሽቶ ታጥቦ ነበር። ከሽቶው ስር ግን ሌላ ነገር አለ። ሙቀቱ ሲበረታ አፍንጫ ይሰነፍጣል። ወንበሩን አጠብኩ፣ ከወንበሩ ስር በባትሪ ፈለግሁ፣ ምንም የለም። ልጅየው ኋላ ቁጭ ብሎ መስኮት ይከፍትና “የሐበሻ ሽታ” ይል ጀመር። ማዳምም አመኑት። ልብሴን ከቤተሰቡ ለይቼ እንዳጥብ፣ ከበሩ ውጭ ሆኜ እንድጠብቅ ተነገረኝ። ጠዋት ማታ ገላዬን እየታጠብኩ ራሴን አሸት ነበር። የገዛ ገላ ሲያስጠላ ምን ማለት እንደሆነ ያኔ አወቅሁ።

አንድ ቀን መኪናው ሸረፊያ ሰፈር መሀል መንገድ ላይ ጠፋና አልነሣም አለ። ልጅየው ፍርዱን ለመስጠት ጊዜ አልፈጀበትም፤ እሱ እንደሚለው ሽታዬን ለማጥፋት ውሃ ደፍቼ የሞተሩን ኮምፒውተር አቃጥያለሁ። ማዳምም ጥፋቱ የእኔ ከሆነ ኹሩጅ የሚባለውን የመጨረሻ መውጫ ቪዛ አስመትተው ወደ አገሬ እንደሚሰዱኝ ነገሩኝ።

መኪናውን ኑዝላ ወዳለ ጋራዥ አስጎተትኩት። እዚያ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራው ጀማል የሚባል የአገሬ ልጅ ነው። የዚያ መኪና ኮምፒውተር የሚቀመጠው ከሾፌሩ ጎን ያለው ተሳፋሪ እግሩን ከሚያሳርፍበት ምንጣፍ ስር ነው። ጀማል ምንጣፉን ገለጥ ሲያደርግ ወደ ኋላ ተፈናጠረ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ጥቁር የረጋ ደም፣ በላዩ ትል ይርመሰመሳል። ደሙ ሶኬቱ ውስጥ ድረስ ገብቶ የኮምፒውተሩን ቀጫጭን የብረት እግሮች በልቷቸዋል። ጥግ ላይ ማዳም ስጋ የሚቋጥሩበት ሰማያዊ ከረጢት ቁራጭ ተጣብቋል። ወደ ውጭ ሮጬ አስመለሰኝ።

የሚገርመው፣ እያስመለሰኝ ደስ ብሎኛል። ሽታው የእኔ አልነበረም።

ጀማል አፍንጫውን በሻሽ አስሮ ኮምፒውተሩ የሚቀመጥበትን ቦታ ጠረገ። ከተሽሊህ፣ ማለትም አሮጌ መኪና ከሚፈታታበት ግቢ፣ ተመሳሳይ ኮምፒውተር አምጥቶ ገጠመ። ያገለገለ ኮምፒውተር ግን እንደተገጠመ አይሠራም፤ የሌላ መኪና ስለነበር የዚህኛውን ቁልፍ አያውቀውም። ጀማል ላፕቶፑን ሰክቶ ከተበላሸው ያወጣውን መረጃ ወደ ተተኪው ሲጭን ልጅየው መጣ።

ምንጣፉን ገልጬ የቀረውን ደም አሳየሁት። አላፈረም። መንገዱ ስለተጨናነቀ መካ ሳይደርስ መመለሱን፣ ስጋውን መኪና ውስጥ ትቶ ከጓደኞቹ ጋር ባሕሩ ዳርቻ መሰንበቱን፣ ሲገማ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ መጣሉን ጎማ እንደፈነዳበት ሰው ዘና ብሎ ነገረን። ከዚያ የሚሆነውን ወሰነልኝ፦ እሱ ኮምፒውተሩ በእርጅና ሞተ ብሎ ለእናቱ ይነግራል፤ እኔ ሥራዬ ላይ እቆያለሁ፤ የስጋውን ነገር ግን መተንፈስ የለብኝም። “ኻላስ፣ አለቀ” ብሎኝ ወጣ።

“ወላሂ፣ ይህን ብትውጠው ዕድሜ ልክህን ይሸትሃል” አለኝ ጀማል።

ሞተሩ ተነሣ። ቤት እንደደረስኩ ለማዳም ሁሉንም ነገርኳቸው። የባላቸው ሰደቃ ነውና ያለቅሳሉ ብዬ ነበር። ሰምተው ሲጨርሱ፣

“ሽታው ከወንበሩ ይለቃል?” ብለው ጠየቁኝ።

ስለ ድሆቹ አንድ ቃል አልወጣቸውም። ስለ እኔም እንዲሁ። የልጃቸውን ስም ሰው ፊት እንዳላነሣ አስጠንቅቀውኝ ወደ ክፍላቸው ገቡ። ከደሙም ከትሉም ይልቅ ያ ጥያቄ አቅለሸለሸኝ።

መካ መግባት ሲፈቀድ ነካሳ ወጣሁ። ለእትዬ ዘሀራ ስጋው የት እንደቀረ ነገርኳት። ልጅየውን ትረግማለች ብዬ ስጠብቅ አንገቷን ደፋች። ለካ ስጋው ሲቀር ሰፈሩ የጠረጠረው ሌላ ሰው ኖሯል።

“እኛማ አንተ ሸጠኸው ነው ብለን ስናማህ ከረምን” አለችኝ። “ሰዒድ፣ አውፍ በለኝ።”

አሁን ከፊሌን፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዴን የያዘውን አሠሪ፣ ቀይሬ ሌላ ቤት ነው የምሠራው። የዚያን ልጅና የእናቱን ነገር ሳስበው እስከ ዛሬ ያንገሸግሸኛል። በዚያ ሁሉ ጉድ ውስጥ ይቅርታ የጠየቀችኝ ስጋውን የተነፈገችው ሴት ብቻ ናት።