ወደ ቤሩት የተሸከፈው ዘነዘና

መርፌና ቁልፍ የማስቀምጥበት ጥቁር ክዳን አለኝ። አፍንጫዬን ሳስጠጋው ዛሬም ያረጀ ጎማ ይሸተኛል፤ ያኔ ወንድሜ ትዝ ይለኝና እናደዳለሁ። የካሜራ ሌንስ ክዳን ነው። ሌንስ ስልሽ እንደ ሰው ሌንስ እንዳይመስልሽ፤ ዘነዘና ነበር። አትሳቂ፣ በርበሬ የሚወቀጥበትን ማለቴ ነው፤ ቁመቱም ክብደቱም ያው።

ያን ጊዜ እንጅባራ ውስጥ ከታላቅ ወንድሜ ጋር ፎቶ ቤት ነበረን። እሱ ያነሳል። እኔ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጬ የሞተውን ካለው፣ የራቀውን ከቀረበው ጋር አንድ ፎቶ ውስጥ አስገባለሁ። የጠዋቱ ጭጋግ በር ላይ ቆሞ፣ ከሰል የጫኑ ጋሪዎች በደጃችን ሲያልፉ የፈረሶቹ ኮቴ እስከ ውስጥ ይሰማ ነበር። ወንድሜ የፈረሰኞቹን በዓል ፎቶዎች ፌስቡክ ላይ ለጥፎ ሰው ወደደለትና፣ ቤሩት ለፎቶ አንሺዎች ስልጠና ተጠራ። በቃ! ከዚያ ቀን ወዲያ መሬት አልበቃችውም። ኪሱ የበዛ ሰደርያ ገዛ። እነዚያ ኪሶች ውስጥ ከቆሎ ሌላ ነገር አይቼ አላውቅም።

ወሬው ጎረቤታችን ጆሮ ገባ። ጌሾ ሻጭ ናቸው፤ ሲገቡ ቤቱ ጌሾ ጌሾ ይሸት ነበር። ልጃቸው አብሮ አደጌ ናት፣ ቤሩት ሰው ቤት ልትሠራ ሄዳ ዓመታት አልፈዋል። እናትየው ሁለቱን ወንዶች ልጆቻቸውን አልብሰው፣ የታጠበ ነጭ አቡጀዲ በብብታቸው ይዘው መጡ።

«ልጆቼ ሁሉ ያሉበት ፎቶ የለኝም» አሉ።

እናትና ወንድሞችን አስቀመጥን፤ መሀላቸው አንድ የቀርከሃ ወንበር ባዶ ተውን። ነገሩ ቀላል ነበር፤ ወንድሜ ቤሩት ላይ አቡጀዲውን ከኋላዋ ሰቅሎ፣ እሷን አስቀምጦ ያነሳታል፣ እኔ ቆርጬ ወንበሩ ላይ አስቀምጣታለሁ።

«አንተ ልጅ፣ አደራህን» አሉት፣ ጉልበቱን ነካ አድርገው።

«ኧረ እትዬ፣ ይሄማ ምን አላት!»

መሸከፍ ሲጀምር ግን አልጋው ላይ የደረደረውን ባየሽ! ከባሕር ዳር ሰርግ ከሚቀርጽ ጓደኛው የተዋሰው ዘነዘና፣ ባለ ሦስት እግሩ ማቆሚያ፣ ሁለት ፍላሽ፣ የፍላሽ ጃንጥላ።

«ቤሩት ዝናብ ሊመታህ ነው?» አልኩት።

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ?»

«ለአንዲት ልጅ ፎቶ ትንሿ ሌንስና አቡጀዲው ይበቁሃል። በዚህ ዝሆን ልታነሳ ነው?»

«ባለሙያ ሰው» አለ ሰደርያውን እያስተካከለ፣ «ትንሽ ሌንስ ይዞ ባሕር አይሻገርም።»

እኔ ትንሿን እከታለሁ፣ እሱ ያወጣል። መልሼ እከታለሁ፣ መልሶ ያወጣል። ሱሪውን ሳይቀር ቀንሶ ለዘነዘናው ቦታ ለቀቀ። አህያ ጭነት ቢያበዙባት ታዝናለች፤ የኔ ወንድም ይኩራራበታል። ሚኒባሱ ይዞት ከሄደ በኋላ ክፍሉን ስጠርግ፣ ትንሿ ሌንስ በአቡጀዲው ተጠቅልላ አልጋው ሥር ቁጭ ብላለች። ደሜ ፈላ። የዘነዘናውንም ክዳን መስኮቱ ላይ ረስቶታል፣ ባለሙያው! እናትየው በየጠዋቱ ብቅ ብለው «ደወለ?» ሲሉኝ፣ አቡጀዲውን በእግሬ ወደ ጠረጴዛው ሥር እገፋው ነበር።

አፍንጫው በፀሐይ ተልጦ ተመለሰ። ስለ ባሕሩ፣ ስለ ፎቁ፣ ስለ ምግቡ ለፈለፈ።

«እሷንስ?» አልኩት። የሰደርያውን ኪሶች አንድ በአንድ መዝጋት ጀመረ። ከዚያ ነገረኝ።

አሠሪዋ፣ መዳሟ፣ እሁድ ትወጣለች ብላ ቃል ገብታ ነበር አሉ። እሁድ ሲደርስ በሩን ቆልፋባት ሄደች። ሰው ለአንድ ፎቶ እንኳ አይለቀቅም? ቱ! ከዚያ ልጅቷ ደውላ፣ «ልብስ ላሰጣ በረንዳ እወጣለሁ፤ ከመንገዱ ማዶ ቁም» አለችው። ፎቁ ሰማይ ጥግ ነው። በዓይኑ ቢያይ እሷን ከተሰጣው ልብስ መለየት አቃተው። ዘነዘናውን አነሳና በእሱ አቅርቦ አያት።

«በትንሿ ቢሆን ጉንዳን ነበር የማመጣልሽ» አለኝ።

በጥፊ ባጮለው ደስ ባለኝ። እውነቱን መሆኑ ነው የሚያናድደኝ። እስከ ዛሬም አመስግኜው አላውቅም፤ ራሱን የሚያመሰግነው ይበቃዋል።

ፎቶውን ስከፍተው አብሮ አደጌ ስክሪኑን ሞልታ መጣች። ከስታለች። ያ ፍንጭት ጥርሷ ግን ያው ነው፤ ትስቃለች፣ አንድ እጇን ወደ ላይ አንስታለች። አለቀስኩ፣ ምን እደብቅሻለሁ። ከደረቷ በታች ያለው የበረንዳው ብረት ነው። እንዴት ላስቀምጣት? እግር የሌለው ሰው ወንበር ላይ አይቀመጥም። ቀኑን ሙሉ ስታገል ውዬ፣ በመጨረሻ ከባዶው ወንበር ኋላ አቆምኳት። የወንበሩ መደገፊያ ብረቱን ሸፈነልኝ።

እናትየው ፎቶውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግተው ብዙ አዩት። ያ የተነሳው እጅ ደስ ያላሰኛቸው መሰለኝ።

«ከፈለጉ እጇን አጠፋልዎታለሁ» አልኳቸው።

«ተይ ልጄ፤ እጇን አጥፍተሽባት በምን ትሠራለች?»

ከዚያ ወንበሩን እንድንሰጣቸው ለመኑን። ሰጠናቸው።

የአብሮ አደጌ ስልክ ካልተነሳ ቆየ። ወንድሜ አሁን ዳንግላ ፎቶ ቤት ከፍቷል፤ የቤሩቱን ታሪክ ለሙሽራ ሁሉ ያወራል፣ ሲያወራው ፎቁ በየዓመቱ ይረዝማል። ዘንድሮ ለፋሲካ እናትየውን ልጠይቅ ሄድኩ። ቤቱ በእንግዳ ሞልቷል። ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ፎቶ ሥር የቀርከሃው ወንበር ብቻ ባዶ ነበርና ልቀመጥበት ስል ነጠላዬን ያዝ አደረጉኝ።

«እሷ ቆማ አንቺ ልትቀመጪ?» አሉኝ።

መደቡ ጫፍ ላይ ተጠጋግቼ ተቀመጥኩ።