ያጣመምኳት ማነጣጠሪያ

ይህን ለሚስቴ እንኳ አልነገርኩም። ለነፍስ አባቴም ስናዘዝ ሌላውን ሁሉ እየዘረዘርኩ ይህቺን ዘልያት ኖሬአለሁ። ዛሬ የምጽፈው እንድታዝኑልኝ አይደለም። ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ በገዛ እጄ፣ በቀን ብርሃን፣ አውቄ።

በንጉሡ ዘመን፣ የጥጥ እርሻው በአዋሽ ዳር እየሰፋ በሄደበት ጊዜ፣ አዋሽ ባቡር ጣቢያ ጥገና ክፍል ውስጥ ብረት ሞራጅ ነበርኩ። ከሥራ ሰዓት ውጭ ደግሞ አሮጌ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ እጠግናለሁ። ከአባት ለልጅ የወረደ፣ አፈሙዙ ጫፍ ላይ ያለችው ማነጣጠሪያ የወለቀችበት ወይም ከቆዳ አፎቱ ጋር ስትፋተግ ኖራ ያለቀችበት ሽጉጥ ሁሉ ወደ እኔ ይመጣ ነበር። ከተሰበረ የመኪና ባሌስትራ ብረት እቆርጥና በሞርሳ ይዤ፣ በስሱ ሞርጄ፣ ቦታዋ ላይ በቀጭን ችንካር አጣብቄ እተክላታለሁ። ሰው "የእሱ ሥራ አይስትም" ይለኝ ነበር። ይህን ቃል እወደው ነበር። አልክድም፣ እወደው ነበር።

አንድ ዓርብ የእርሻው ዘበኞች አለቃ ባሻ ወርቅነህ መጡ። ልጃቸው አስናቀች ከጥጥ መዛኙ ከታደሰ ጋር ኮብልላ ድሬዳዋ ከገባች ወር ሆኗት ነበር። ታደሰ ደግሞ ወዳጄ ነው፤ ስንት ቀን አብረን በልተናል። ባሻ የአባታቸውን ሽጉጥ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ።

"የፊቷ ማነጣጠሪያ ወልቃለች። እስከ እሁድ ታደርስልኛለህ።"

"ምን አስቸኮለዎት ባሻ?"

"እሁድ በባቡር ይመለሳሉ አሉ። ልቀበላቸው ነው።"

አነጋገራቸው ገባኝ። "ሳይሞክሩት ነው የሚወስዱት?" አልኳቸው።

"የቀረኝ አራት ጥይት ነው፤ ለሙከራ የሚተርፍ የለኝም። አንተ የሠራኸው ደግሞ ምን ሙከራ ያሻዋል?"

እምቢ ማለት እችል ነበር። ፖሊስ ጣቢያው ከእኛ መቶ እርምጃ አይርቅም። በባቡር ጣቢያው ስልክ ድሬዳዋ ላለ ባልደረባ ነግሬ ታደሰን ማስጠንቀቅ እችል ነበር። ለምን አላደረግሁም? ባሻን ፈራሁ? አዎ፣ ፈራሁ። ምነው ፍርሃት ብቻ በሆነ! እኔ ማንም ሳያውቅብኝ፣ በሞረዴ ብቻ፣ የሰው ሞት አስቀራለሁ ብዬ ኮራሁ። ማነጣጠሪያዋን የግማሽ ስንዴ ፍሬ ያህል ወደ ግራ አጋድዬ ተከልኳት። እሷ ወደ ግራ ካጋደለች ጥይቱ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ለዓይን እንዳትታወቅ ሥሯን አለሰለስኩ፤ በእሳትና በዘይት አጠቆርኳት። ከሠራኋቸው ሁሉ ያማረች እሷ ነበረች።

እሁድ ባቡሩ ረፋድ ላይ ገባ። ታደሰ ሻንጣውን ይዞ ወረደ፤ አስናቀች ገና ደረጃው ላይ ነበረች። ባሻ ከውኃ ታንከሩ ሥር ቆመው ክንዳቸውን ዘረጉ። አልቸኮሉም። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እኔ በሠራኋት ማነጣጠሪያ አልመው ተኮሱ። ጥይቱ የታደሰን እጅጌ ቀዶ አለፈ።

የሳተ ጥይት የት እንደሚሄድ አላሰብኩም ነበር። አሥር ዓመት ሙሉ የሽጉጥ ማነጣጠሪያ የሠራሁ ሰው፣ ይህን አላሰብኩም! ከታደሰ ኋላ ዘሃራ ነበረች፤ ሳምቡሳ በሳፋ ይዛ ለተሳፋሪ የምትሸጥ፣ የሁለት ልጆች እናት። ቀኝ ትከሻዋን መታት። ሳምቡሳው ሐዲዱ ላይ ተበተነ።

ባሻ ሁለተኛውን ሳይተኩሱ የጣቢያው ሰዎች ተረባርበው ያዟቸው። "እጄ ከዳኝ፤ አረጀሁ" እያሉ አለቀሱ። እስር ቤት ሞቱ፤ የከዳቸው እጃቸው እንዳልነበረ ሳያውቁ።

ዘሃራን ክሊኒክ ሄጄ ጠየቅኋት። ሐኪሙ ክንዷ ከእንግዲህ ከደረቷ በላይ እንደማይነሣ ነግሯታል። እያየኋት እንባዬ መጣ።

"አይዞህ ወንድሜ፣ አታልቅስ" አለችኝ፤ ለእኔ! "ቀደር ነው። አላህ የጻፈው ነው።"

"አሜን" አልኩ።

ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። በሞረዴ የሠራሁትን እሷ ለአላህ ስትሰጠው እኔ አሜን አልኩ። ከዚያም ሠላሳ ዓመት ያህል በዚያች ጣቢያ በግራ እጇ ሳምቡሳ ስታወጣልኝ እየተቀበልኩ በላሁ። አንድም ቀን አልነገርኳት።

"ታደሰን አድነሃል" ልትሉኝ ነው? አትበሉኝ። ታደሰ ወልዶ ከብዷል፤ ደስ ይለኛል፤ የእሱ ልጆች ግን ለዘሃራ ክንድ ካሳ አይሆኑም። "ዘመኑ ነው" ልትሉኝ ነው? ዘመኑ ሞረድ አልያዘም። የያዝኩት እኔ ነኝ።

ዘሃራ ባለፈው ዓመት አዋሽ አርባ፣ ልጇ ቤት ዐረፈች። ቀብሯ ላይ ልጇ እጄን ጨብጦ "እናቴ እንደ ወንድሟ ነበር የምታይዎት" አለኝ። ያኔም ዝም አልኩ።

ይቅር ልትለኝ የምትችል አንዲት ሴት ነበረች። ያን ሁሉ ዓመት ከዐሥር እርምጃ አልራቀችኝም፤ አልጠየቅኋትም። ስለዚህ ከእናንተ ይቅርታ አልለምንም። ብትሰጡኝም አልቀበልም፤ የእናንተ አይደለማ።